ክሮኖ፦ ከሰውም ከዳገትም በላይ ከነፋስ ጋር የሚደረግ ግጥሚያ

ኪጋሊ ውስጥ ኪሚሁሩራ የሚባል ዳገት አለ። ርዝመቱ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን መንገዱ ኮብልስቶን ነው። በየ100 ሜትሩም በአማካይ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና የወንዶች የግል ክሮኖ (እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ግጥሚያ) ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የታየው ነገር ብዙ ሰው አስገርሟል። ቤልጂየማዊው ሬምኮ ኤቨኔፑል ስሎቬኒያዊውን ታዴይ ፖጋቻርን ደርሶ አለፈው።

ነገሩ ተራ መቅደም አይደለም። ሁለቱ አብረው አልተነሡም። ፖጋቻር ቀድሞ ወጣ፤ ኤቨኔፑል 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ቆይቶ ተከተለው። ያን ሁሉ ክፍተት ዘግቶ ነው ያለፈው። የታለፈው ደግሞ በዚያው ክረምት ቱር ደ ፍራንስን ለአራተኛ ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው።

ሳምንት ቆይቶ፣ በመስቀል ማግሥት፣ ነገሩ ተገለበጠ። በዚያው ከተማ በተካሄደው የጎዳና ውድድር ፖጋቻር ወርቁን ወሰደ፤ ኤቨኔፑል ሁለተኛ ወጣ።

ይህን ያየ ሰው ሁለት ጥያቄ ይዞ ይነሣል። አንደኛው ቀላል ይመስላል፦ ታዲያ የዓለም አንደኛ ማን ነው? ሁለተኛው ለኛ ቀረብ ይላል። ሻምፒዮናው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፤ ያውም ጎረቤት ሊባል በሚችል አገር፣ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ። በሩጫ ከፍታውን መከታ ያደረግን ሰዎች ብስክሌት ላይ ለምን የለንም? የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ቦታ ይገናኛል። እሱም አየር ነው።

ክሮኖ ሲባል

በኛ አገር የብስክሌት ሰዎች ከጣልያን በመጣው ቃል «ክሮኖ» ይሉታል። በእንግሊዝኛው አጠራር ደግሞ ታይም ትራያል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ፣ በተመጠነ የጊዜ ልዩነት፣ ከመነሻ መድረኩ ይወርዳሉ። መንገዱን ለብቻ ይጨርሳሉ። አጭር ሰዓት ያስመዘገበ ያሸንፋል። ማን ቀድሞ መስመሩን ረገጠ የሚባል ነገር የለም።

በጎዳና ውድድር ብስክሌተኛ ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ ጉልበት ይቆጥባል። ክሮኖ ላይ ይህ ክልክል ነው። አንዱ ሌላውን ከደረሰበት ሲያልፈው ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ጎን መራቅ አለበት። የተቀደመውም ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ 25 ሜትር ወደ ኋላ መቅረት ግዴታው ነው። ለምን እንዲህ ጠበቀ ቢባል፣ ከፊት ሰው ካለ ነፋሱን የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ ነው። ያ ደግሞ በዚህ ውድድር ስርቆት ነው።

የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። የግል ክሮኖ ግን ከሻምፒዮናው ጋር የተቀላቀለው በ1994 ሲሲሊ ላይ ነው። የመጀመሪያው የወንዶች አሸናፊ እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን ነበር። በዓመቱ ኮሎምቢያ ላይ ስፔናዊው ሚጌል ኢንዱራይን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ስዊዘርላንዳዊው ፋቢያን ካንቼላራ እና ጀርመናዊው ቶኒ ማርቲን አራት አራት ጊዜ አሸንፈዋል። ኤቨኔፑል በ2023 ስኮትላንድ፣ በ2024 ዙሪክ፣ በ2025 ኪጋሊ በተከታታይ በማሸነፉ ሦስት አድርሷል። መሐል ላይ የፓሪስ ኦሊምፒክን የክሮኖም የጎዳናም ወርቅ ደርቦ ወስዷል። ከሱ በፊት ያን ያደረገ ወንድ የለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ እዚህ ላይ ግማሽ መልስ ያገኛል። የዓለም ሻምፒዮን አንድ ሰው አይደለም። ባለ አምስት ቀለሙን የቀስተ ደመና ማሊያ ፖጋቻር በጎዳና ውድድሮች ይለብሰዋል። ኤቨኔፑል የሚለብሰው ክሮኖ ሲኖር ብቻ ነው። ሁለቱም ሻምፒዮን ናቸው፤ የሚጠየቁት ግን የተለያየ ፈተና ነው።

አየሩ ስንት ያስከፍላል?

በጠፍጣፋ መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ብስክሌተኛ ጉልበቱን በብዛት የሚጨርሰው አየሩን ገፍቶ ለማለፍ ነው። ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ለሰንሰለቱ የሚጠፋው ደግሞ ከሁሉም ያንሳል።

አየር ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። ፍጥነት በትንሹ ሲጨምር ዋጋው በብዙ ይጨምራል። አየሩን ለመግፋት የሚጠይቀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ እርከን ያድጋል። ማለትም ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ነው። በሰዓት ከ40 ወደ 50 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ፍጥነቱን በሩብ መጨመር ነው። ለአየሩ የሚከፈለው ኃይል ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ኪጋሊ ላይ ርቀቱ 40.6 ኪሎ ሜትር ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለለው ዳገት 680 ሜትር ይሆናል። ኤቨኔፑል በ49 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ጨረሰው። ያን ሁሉ ዳገት ይዞ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህን በዋት እንየው። ዋት የኃይል መለኪያ ነው። ድሮ ቤት ውስጥ የምናበራው ትልቁ አምፖል 100 ዋት ይበላ ነበር። አንድ ብስክሌተኛ ለጥ ባለ መንገድ፣ በኪጋሊ ሳሳ ባለ አየር፣ በዚያ ፍጥነት ይሄዳል እንበል። ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባውን አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን በትከሻው መሐል ቀብሮ ከተቀመጠ ለአየሩ ብቻ 250 ዋት ገደማ ይከፍላል። ያው ሰው በተራ ኮርስ ብስክሌት፣ በተራ አቀማመጥ ከሄደ 375 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል። ይህ የኔ ቀለል ያለ ስሌት ነው፤ ሰውና መሣሪያ ሲለዋወጥ ቁጥሩም ይለዋወጣል። ልዩነቱ ግን ከአንድ ትልቅ አምፖል በላይ ነው። እግሩ ያው፣ ሳንባው ያው፣ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው።

በሌላ አቅጣጫም ማስላት ይቻላል። የአየሩን ግፊት በ20 በመቶ መቀነስ ከተቻለ፣ በዚያው ጉልበት ጠፍጣፋ ላይ ፍጥነቱ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ50 ደቂቃ ጉዞ ይህ ከሦስት ደቂቃ በላይ ነው። ኪጋሊ ላይ በኤቨኔፑል እና በሦስተኛው በኢላን ቫን ዊልደር መካከል የነበረው ልዩነት ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ዳገት ሲኖር ይህ ትርፍ ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም።

የሚገርመው፣ ከጠቅላላው የአየር ግፊት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብስክሌቱ ሳይሆን የሰውየው ገላ ነው። ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 በመቶ ይባላል። ስለዚህ የክሮኖ ብስክሌት ሲታይ ዓይን የሚስበው ድፍኑ የኋላ ጎማ ቢሆንም፣ ዋናው ጥቅሙ ሰውየውን በዚያ አስቸጋሪ አቀማመጥ መያዙ ነው። ለአንድ ሰዓት እንደዚያ ታጥፎ ከባድ ፔዳል መምታት ደግሞ ብርቱ ልምምድ ይጠይቃል። አንገት ይደነዝዛል፣ ወገብ ይያዛል፣ የጭን ጡንቻ በለመደው ማዕዘን አይሠራም። ስለዚህ ዝም ብሎ ብስክሌቱን ገዝቶ መቀመጥ አይበቃም። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል።

በ1989 የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን ይህን ለዓለም ያሳየ አጋጣሚ ነበር። ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ነበር። አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ክንድ ወደ ፊት የሚያስዘረጋ መሪ ገጥሞ መጣ። ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን በተለመደው መሪ ሄደ። ከሦስት ሳምንት ውድድር በኋላ ለሞንድ በ8 ሰከንድ አሸነፈ። በዚያ ልዩነት ውስጥ መሪው ስንቱን እንደወሰደ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያን መሪ ችላ ያለ የለም።

ፖጋቻር ለምን ተቀደመ?

ፖጋቻር ደካማ ሆኖ አይደለም። የዚያኑ ዓመት ሁለት ክሮኖዎች ብናስታውስ ነገሩ ይገለጣል። በ2025ቱ ቱር ደ ፍራንስ ካን ከተማ ላይ 33 ኪሎ ሜትር ጠፍጣፋ ክሮኖ ነበር። ኤቨኔፑል አሸነፈ፤ ፖጋቻር በ16 ሰከንድ ተከተለው። ከቀናት በኋላ ፔይራጉድ ላይ ሌላ ክሮኖ መጣ። ይኼኛው 10.9 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኛው ተራራ ነው። ፖጋቻር የክሮኖ ብስክሌቱን ትቶ በተራ ኮርስ ወጣ። አሸነፈም። ያን ቀን ኤቨኔፑል ራሱ ከኋላው በተነሣው በዴንማርካዊው ዮናስ ቪንገጎር ተደርሶበታል።

ስለዚህ ዳገቱ ሲከብድ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፍጥነት ሲቀንስ የአየሩ ዋጋ ይወድቃል። ያኔ የሚፈርደው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት የሚወጣው ጉልበት ነው። መንገዱ ሲለጥ ደግሞ ያለው ጉልበት ለነፋስ ከተሰጠው ስፋት አንጻር ይመዘናል። ኤቨኔፑል ቁመቱ 1.71 ሜትር ገደማ ነው። አጭር ነው፣ በብስክሌቱ ላይም እንደ እንቁላል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጣልያናዊው ፊሊፖ ጋና ወደ 1.93 ሜትር ይጠጋል። በግዙፍ ጉልበቱ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ያስፈራል፤ ሁለት ጊዜም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በስኮትላንድ በ12 ሰከንድ፣ በዙሪክ በ6 ሰከንድ ብቻ ነው ኤቨኔፑል የቀደመው። ኪጋሊ ላይ ጋና አልነበረም። ቢኖርም 680 ሜትር ዳገት ለዚያ ቁመት ደግ አይሆንለትም ነበር።

ኪጋሊ መሐል ላይ ያለ መንገድ ነበር። ዳገት አለው፤ ግን ወደ 49 የሚጠጋ ፍጥነት የተመዘገበበት መንገድ ተራራ አይባልም። አየሩ አሁንም ዳኛ ነው። አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይን ከኤቨኔፑል በ1 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ዘግይቶ ብር ወሰደ። ፖጋቻር አራተኛ ወጣ። ነሐሱን ያጣው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነው። በኔ ግምት ያ ቀን ለፖጋቻር መጥፎ ቀን ነበር። በካን 33 ኪሎ ሜትር ላይ 16 ሰከንድ የነበረው ልዩነት እዚህ 2 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲሆን፣ አየር ብቻውን አያስረዳውም። የአንድ ቀን ድካምም ክሮኖ ላይ መደበቂያ የለውም። በጎዳና ውድድር የደከመ ሰው ከቡድን ጓደኛው ጀርባ ትንሽ ያርፋል። እዚህ ማንም የለም።

በሳምንቱ ደግሞ ፈተናው ተለወጠ። 267.5 ኪሎ ሜትር፣ ከ5,400 ሜትር በላይ ዳገት። ፖጋቻር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ወጥቶ ሄደ። ከተነሡት ውስጥ የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። ኤቨኔፑል ያን ቀን የመንገድ ጉድጓድ ኮርቻውን ከቦታው አናግቶበት ሁለት ጊዜ ብስክሌት ቀይሯል። በሚሊ ሜትር የተለካ አቀማመጥ የለመደ ሰው ኮርቻው ትንሽ ሲዘነበል ምን እንደሚሆን እዚያ ታየ።

ከፍታው ለምን አይበቃም?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ኪጋሊ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ከአውሮፓ ለመጣ ሰው ኪጋሊ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለኛ ልጅ ወደ ታች መውረድ ነው። ታዲያ ለምን አይጠቅምም?

ይጠቅማል። ግን የሚጠቅመው የሒሳቡን አንድ ወገን ነው። ሯጭንና ብስክሌተኛን እናወዳድር። ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2:00:35 ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ነበር። ሰው በረጅም ርቀት ሩጫ ከዚህ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ሯጭ ለአየር የሚከፍለው ከጠቅላላ ጉልበቱ ትንሹን ነው። በ49 የሚሄድ ብስክሌተኛ፣ የገላው ስፋት ከሯጩ እኩል ቢሆን እንኳ፣ አየሩን ለመግፋት ከ12 እጥፍ በላይ ኃይል ያወጣል። ሩጫ በዋናነት የሳንባ፣ የልብና የእግር ጉዳይ ነው። ክሮኖ እነዚያን ሁሉ ይጠይቅና በላያቸው የቅርጽ ጉዳይ ይጨምርባቸዋል።

ከፍታ ራሱ ሁለት ስለት አለው። ኦክስጅኑ ስለሚቀንስ ላልለመደው ሰው ጉልበቱ በጥቂት በመቶ ይወርዳል። አየሩ ግን በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠለል ይልቅ ኪጋሊ ላይ በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ለመቆረጥ ይቀላል። ለዚህ ነው ቤልጂየማዊው ኤዲ ሜርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ሪከርዱን ለመሥራት ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው። 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ከፍታ ያን ያህል ከጠቀመ ዛሬም ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጋና በ2022 56.792 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ስዊዘርላንድ ውስጥ ግሬንቸን ነበር፤ 450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ሰባት ኪሎ ሜትር የጨመረው የተራራው አየር አይደለም። አቀማመጡ፣ ልብሱ፣ ብስክሌቱ፣ የሥልጠናው ሳይንስና የሚለካው ነገር ብዛት ተደምረው ነው።

እኛ በተፈጥሮ የታደልነው ከፍታ አለን። ክሮኖ የሚፈልገው ቀሪ ነገር ግን ሁሉ የሚገዛ ወይም የሚሠለጠን ነው።

የገንዘቡና የመንገዱ ነገር

አንድ ጥሩ የክሮኖ ብስክሌት ከነጎማው ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ያ ደግሞ በጎዳና ከሚነዳው ኮርስ ተጨማሪ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የንፋስ ዋሻ የሚባለው መሞከሪያ ክፍል አለ፤ ብስክሌተኛው ቆሞ ፔዳል እየመታ አየር ሲነፍስበት ግፊቱ የሚለካበት። የራስ ቁሩ ለብቻው፣ ልብሱ ለብቻው ይፈተሻል። ካልሲው ሳይቀር በደንብ ተይዟል፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት (ዩሲአይ) የካልሲ ርዝመት ገደብ አውጥቷል፤ ረጅም ካልሲ አየር ያለሰልሳልና።

ይህ ሁሉ ለሌለው ወጣት የሚሆነው ይታወቃል። ኮርሱ ላይ የክንድ መደገፊያ ያስርበታል፤ ክሮኖ የሚነዳው ውድድር ሲኖር ብቻ ነው። ተፎካካሪው ደግሞ በየሳምንቱ በዚያ አቀማመጥ ሲለማመድ ይከርማል።

ክሪስ ፍሩም ጥሩ ምሳሌ ነው። ናይሮቢ የተወለደ ብስክሌተኛ ነው። በ2006 ሳልዝቡርግ ላይ ለኬንያ በወጣቶች ክሮኖ ተወዳደረ። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ከአንድ የውድድሩ ሠራተኛ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። በ2017 በርገን፣ ኖርዌይ ላይ በዋናው ውድድር ነሐስ ወሰደ። ያኔ ግን የለበሰው የብሪታንያን ማሊያ ነበር። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው 11 ዓመት የፕሮፌሽናል ቡድን፣ የባለሙያ፣ የመሣሪያና የውድድር ዓመት ነው።

ከኛም ወገን ሰው አልጠፋም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956ቱ ሜልቦርን ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን አያስታውሰውም። ጽጋቡ ግርማይ በ2015 ደቡብ አፍሪካ ላይ የአፍሪካን የግል ክሮኖ ሻምፒዮና አሸንፏል። በዓመቱ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። መንገዱ ያለፈው በውጭ አገር ቡድኖች በኩል ነው፤ ሌላ መንገድም አልነበረውም። ብስክሌት ሥር የሰደደባት መቀሌ ደግሞ በጦርነቱ ሁለት ዓመታት የደረሰባት ይታወቃል። ቡድን ሲበተን የሚጠፋው ብስክሌት ብቻ አይደለም፤ አሠልጣኝ፣ ጠጋኝ፣ ታናሹን የሚጎትት ታላቅ አብሮ ይጠፋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ተተክቶ የሚመጣም ነገር አይደለም በአንድ ክረምት።

ኤርትራውያን የበለጠ ሄደዋል። ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀናትን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ግን ልብ እንበል፤ ያ የፍጥነት ፍጻሜ ማሊያ ነው። ሰው ከሰው ጀርባ ተጠልሎ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈነዳበት። እዚያ ብልሃትና እግር ብዙ ይሠራሉ፤ መሣሪያው በአንጻሩ ለሁሉም ይቀራረባል። አፍሪካውያን በዚያ በኩል ቀድመው መግባታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የኪጋሊው ሻምፒዮና አንድ ነገር ገልብጦ አሳይቷል። አንዳንድ የአውሮፓ ፌዴሬሽኖች የጉዞው ወጪ ከብዷቸው የሚልኩትን ሰው ቁጥር ቀንሰው ነበር። የአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ግን ለዓመታት በየሻምፒዮናው ያንኑ ሒሳብ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ቪዛውን ሳይጨምር።

ብስክሌቱ ይገደብ ወይስ ይለቀቅ?

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ፤ ሁለቱም ቁም ነገር አላቸው።

የመጀመሪያው ወገን፣ ውድድሩ የሰው ይሁን ይላል። ሁሉም በተራ ኮርስ ይውጣ፤ ድፍን ጎማ፣ ልዩ መሪ ይቅር። ይህ ቅዠት አይደለም። በአሜሪካ አማተር ውድድሮች በሜርክስ ስም የሚጠራ ምድብ አለ፤ በእሱ ዘመን እንደነበረው በተራ ብስክሌት ብቻ የሚነዳበት። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ኬይሪን የሚባለው ባለ ውርርድ ውድድር ብስክሌቶቹ ሁሉ በአንድ ደንብ እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ ገንዘብ የሚያስይዘው ሰው በሰው ላይ እንዲያስይዝ። ዩሲአይም ራሱ ድንበር ያበጃል። ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም በታች መሆን የለበትም። ክንድ የሚዘረጋበት ርቀትም በቁመት ተለክቶ ተወስኗል።

ሁለተኛው ወገን የሚለው ደግሞ ይህ ነው። ክሮኖ ከመጀመሪያውም የሰውና የመሣሪያ ጥምር ነው። ስፖርቱን የሚደጉሙት ብስክሌት ሠሪዎች ናቸው፤ የሚያሳዩት አዲስ ነገር ከሌለ ገንዘባቸው ይሸሻል። ደግሞም ተራ ኮርስ ብትላቸው ሀብታሞቹ እሱኑ ንፋስ ዋሻ ይዘውት ይገባሉ። ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም።

የኋለኛው ነጥብ እውነት ነው። ነገር ግን መጥበቡ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። 125 ዋት የነበረው ክፍተት 30 ቢሆን፣ ጥሩ እግር ያለው ልጅ ቢያንስ ይታያል። ለአዋቂዎቹ ሻምፒዮና መሣሪያው እንዳለ ቢቀጥል አልቃወምም። ለታዳጊዎች ግን፣ በተለይ ከ19 ዓመት በታች ላሉት፣ ክሮኖው በተራ ኮርስ ቢደረግ የሚጎዳ አይታየኝም። በዚያ ዕድሜ የሚፈለገው ተሰጥኦ ማግኘት ነው። አሁን ባለው አሠራር ግን ውጤት ዝርዝሩ ላይ ከላይ የሚታየው ተሰጥኦው ይሁን የአባቱ ኪስ መለየት ይቸግራል።

ከኪጋሊ በኋላ

አንድ ሻምፒዮና አገር ስለጎበኘ ብስክሌተኛ አይበቅልም። ሩዋንዳ ራሷ እዚህ የደረሰችው በዓመታዊው የሩዋንዳ ዙር ውድድር ነው፤ በየዓመቱ፣ ልጆቹ ቆመው እያዩ። ለኛም የሚያዋጣው ይህ ዓይነቱ ድግግሞሽ ነው። ክሮኖ ብዙ ነገር አይፈልግም፤ የተለካ መንገድ፣ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት ትራፊክ የሚያቆም ፈቃድ። በየወሩ አንድ 20 ኪሎ ሜትር ቢኖር፣ በተራ ኮርስ ቢሆን እንኳ፣ በዓመት ውስጥ ማን ለብቻው መንዳት እንደሚችል ይታወቃል። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ለዚህ ፍጥነት አልተሠሩም። ግን ብስክሌት ላይ የሚወጣውን ልጅ ቁጥር ካበዙ ምንጩን ያሰፋሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመሣሪያና የሥልጠና ነገር ነው። ዩሲአይ ስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ ላይ ባለው ማዕከሉ ከታዳጊ አገሮች የመጡ ወጣቶችን ያሠለጥናል። ከአፍሪካም ብዙ ልጅ በዚያ በኩል አልፏል። የሚይዘው ግን ጥቂት ልጅ ብቻ ነው። ለብሔራዊ ቡድን አራት አምስት የክሮኖ ብስክሌት በጋራ ገዝቶ፣ በተራ ማለማመድ ሻምፒዮና በመጣ ቁጥር ከመበደር ይሻላል።

ቀጣዩ ሻምፒዮና መስከረም 2019 ዓ.ም. ሞንትሪያል፣ ካናዳ ላይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት አገር ስለሆነ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ አይጠፋም። የአፍሪካ ልጆች ከመነሻ መድረኩ ሲወርዱ የኋላ ጎማቸውን ይመልከት፤ ድፍን ነው ወይስ ተራ? ክንዳቸው ተዘርግቶ ጭንቅላታቸው ዝቅ ብሎ ይቆያል ወይስ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንገታቸው ቀና ይላል? የሰዓቱ ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት አብዛኛው ነገር እዚያ ላይ ይነበባል።